ማረፊያ የተባለው መሬት

ሐሙስ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ አያ ሐሰን በሐይቅ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ይስቁ ነበር። ሰዓቱ የታወቀው ልጃቸው ሰሚሃ ሌላው አገር እድር፣ ወሎ ቅሬ የሚለው ማኅበር ጸሐፊ ስለሆነች፣ ስብሰባው የተጀመረበትን ደቂቃ ደብተሯ ላይ ስለጻፈችው ነው። ያሳቋቸው ከጎናቸው የተቀመጡት አቶ አስረስ ናቸው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ከሐይቁ ዓሣ ሲያወጣ፣ ሌላው ልብስ ሲሰፋ፣ አብረው አርጅተዋል።

«በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የእኔ ነው። ኋላ እንዳንጣላ ከአሁኑ ልንገርህ» አሉ አቶ አስረስ።

«አንተ ዓይንህ አያይ፣ መስኮት ምን ያደርግልሃል?»

«ነፋሱስ? ነፋስ በዓይን ነው እንዴ የሚገባው! ደግሞ አንተ ልጅ እያለችህ መጦሪያ ቤት ምን ልትሠራ ትመጣለህ?»

«ዓሣ ሲያቀርቡልህ እሾሁን ማን ይለቅምልሃል ብዬ ነዋ። አንቆህ ትሞትና ቅሬውን ሥራ ታስፈታለህ።»

«ኧረ ዝም በሉ፣ ሰው እያየን ነው» አለች ሰሚሃ። እሷም ግን ፊቷን ወደ ደብተሯ ደፍታ ትስቅ ነበር።

ሳቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። አቶ አስረስ ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጎረቤቱ በተራ ምግብ ያደርስላቸዋል። ተራው የተዘነጋ ቀን ደግሞ ጾማቸውን አድረው ለማንም አይናገሩም። ይህንን የሚያውቁት አያ ሐሰን ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጀምበር የተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ስልሳ መኖሪያ ቤትና አርባ አረጋውያን የሚያኖር መጦሪያ ልሥራ ብሎ ሲመጣ፣ በየቅሬው ስብሰባ እየተነሡ «ይምጣ፣ ጀሊሉ ነው የላከልን» ሲሉ የከረሙት እሳቸው ነበሩ።

የዚያን ቀን ስብሰባ የተጠራው ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው አይቶ ያለውን እንዲናገር ነው። የዕቅዱ ካርታ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ያላየው ሰው የለም፤ ያነበበው ግን አልነበረም። መስመርና ቁጥር ነው፤ «ሳይት አንድ፣ ሳይት ሁለት» ይላል። ሰው ሁሉ የሚሠራበት ቦታ የመሰለው አሮጌው የጠጠር መቆፈሪያ ነው። ባዶ መሬት ሲባል ማንም ሌላ ቦታ አይታሰበውም።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጸዳለ ስብሰባውን ከከፈቱ በኋላ የማኅበሩ ባለሙያ ዝናው ተነሣ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚናገር ትሁት ልጅ ነው። ስለ ውኃው መስመር፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤቶቹ አነበበ። ከዚያ ገጹን ገለጠ።

«ሳይት ሁለት። የአረጋውያን መጦሪያው የሚያርፍበት ነው። ነባር አገልግሎት፦ ማረፊያ። ባለይዞታ፦ የለም። በቦታው ላይ ያለ ንብረት፦ የለም። መረጃው የተገኘው፦ በቦታው ከነበሩ አንድ አዛውንት።»

አያ ሐሰን ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። የገዛ ድምፃቸውን ከሌላ ሰው አፍ የሰሙ መሰላቸው። ዝናው ንባቡን ቀጥሏል፤ እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልገባቸውም። ልጁን አዩት። አገጩን፣ ደፋ ያለ አንገቱን፣ ብዕር የያዘ ጣቱን አዩ። አወቁት።

ጥቅምት ላይ ነው፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ። ሚስታቸው ኡሙሰልማ አኼራ ከሄደች ሦስተኛ ወሯ ነበር። አያ ሐሰን በየአርቡ ወደ ላይኛው ወጥተው ከራስጌዋ ይቀመጡ ነበር። ላይኛው ነው የሚባለው፤ ቀብር ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። በዚያ ሰፈር ልማድ ቀብር ላይ ስም አይጻፍም፣ ግንብም አይሠራም። በራስጌ አንድ ድንጋይ፣ በግርጌ አንድ ድንጋይ፣ መሐሉ ላይ እሬት ይተከላል። ክረምቱ ሲመጣ ሣሩ አሮጌውንም አዲሱንም እኩል ያለብሰዋል። ያን ዕለት አንድ ትሁት ልጅ ቦርሳ አንግቶ መጣና ሰላም ብሏቸው፣ ፊት ለፊታቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውኃ ጠጣ። ወረቀት አወጣ።

«አባባ፣ ይህ ቦታ ለምን ያገለግላል?»

ከሐምሌ ወዲህ «ቀብር» የሚለው ቃል ከአያ ሐሰን አፍ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እዚያ ያለችው ኡሙሰልማ ናት፤ ያንን ቃል በእሷ ላይ መጥራት የመጨረሻውን አፈር በእጅ እንደ መመለስ ሆነባቸው። ስለዚህ «ማረፊያችን ነው ልጄ» አሉት።

«የማን ይዞታ ነው?»

«የአላህ።»

ልጁ ጻፈ። አመስግኖ፣ እጅ ነሥቶ ወረደ። አያ ሐሰን «ደግ ልጅ ነው» ብለው መርቀውት ነበር።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ መልሶች በትልልቅ ፊደል ታትመው፣ የቢሮ ማኅተም አርፎባቸው እየተነበቡ ነው።

«ቆይ» አሉ አያ ሐሰን። መነሣታቸውን ያወቁት ከዘራቸው ሲወድቅ ነው። «ቆይ ልጄ። አንድ ጊዜ ቆይ።»

«አስተያየት በመጨረሻ ነው» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «እጅዎን ያውጡ፣ ተራ እሰጥዎታለሁ።»

«እዚያ ቦታ ሰው አለ።»

«በሳይት ሁለት ላይ የሚኖር ሰው አለ ነው የሚሉኝ?»

«አሉ። ብዙ ናቸው።»

ዝናው ወረቀቱን ገለባበጠ። «እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አባባ። ቤት የለበትም፤ ድንጋይና እሬት ብቻ ነው። ከእርስዎ በቀር አንድም ሰው አላየሁ።»

«አይታዩማ!»

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ሽማግሌው ጃጀ ብሎ መሆን አለበት። ሰሚሃ የአባቷን እጅጌ ያዘች። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? የምን ሰው ነው?»

አያ ሐሰን አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። በእሳቸው ፈንታ የተናገሩት ዓይናቸው የማያየው አቶ አስረስ ናቸው። የካርታውን መስመር ስላላዩ፣ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ለእሳቸው ነው።

«ላይኛው ነው!» ብለው ጮኹ። «ላይኛውን እኮ ነው የሚሉት! ኡሙሰልማን! እኔ በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜ ያወጣኋትን ሰው መሠረት ሊያደርጓት ነው!»

በሐይቅ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም አስከሬን የሚሸከመው አንድ ቅሬ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ላይኛው ድረስ ሰው ተሸክሞ ያልወጣ ትከሻ አልነበረም። የሳቀው ሰው ራሱ እናቱ እዚያ ናት። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ። የቅሬው ዳኛ ኑርዬ ወደ ካርታው ሄደው ጣታቸውን በመንገዱ መስመር ላይ እየሳቡ ወጡ፤ መስጊዱን አገኙ፣ ጅረቱን አገኙ፣ ከዚያ ጣታቸው «ሳይት ሁለት» ላይ ቆመ።

«ኢንና ሊላሂ!» አሉ። «ልጄ፣ ይህ አራት ማዕዘን ምንድን ነው?»

ዝናው ወደ ካርታው ተጠጋ። «ኩሽናው ነው» አለ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ማንም ያልጠየቀውን ነው። «ትናንት… ትናንት ከሰዓት በኋላ አፈሩን ለመመርመር ሦስት ቦታ አስቆፍሬአለሁ። ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው።»

ሰሚሃ ብዕሯ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በደብተሩ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል የተጻፈ ነገር የለም።

ስብሰባው እንዳለ ወደ ውጭ ወጣ። ወጣቱ በእግሩ ሮጠ። አያ ሐሰንና አቶ አስረስ ከሰሚሃ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ሐይቁ ከታች እንደ ወትሮው ሰማያዊ ነበር፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምድር ዛፉን እንደ ለበሰ ውኃው ውስጥ ተኝቷል። አያ ሐሰን ያን ሁሉ አያዩም። ሁለት ሜትር ተኩል የሚለውን ነው የሚያስቡት። ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ ሲቆፈር አጠገቡ ቆመው ነበር። ጥልቀቱ እስከ ደረት እንኳ አይደርስም፤ ያውቁታል።

ባጃጁ የማያልፍበት ላይ ሲደርስ ወረዱ። አቶ አስረስ የጓደኛቸውን ክንድ ያዙ። ማየት የማይችለው ነው የሚችለውን የደገፈው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ጠርዙ ላይ ነበር፣ የማሽላ አገዳ ያለበት ማሳ ውስጥ። ሁለተኛው ከእርከኑ ሥር። ሰዉ አንድ በአንድ እያየ «አልሃምዱሊላህ» ይላል። ሦስተኛውን ግን አያ ሐሰን ከሩቅ አዩት። ቀይ የአፈር ቁልል ነው፤ በኡሙሰልማ ትይዩ፣ በእሬቶቹ መካከል። ዙሪያው በቢጫ ገመድ ታጥሯል። «አስረስ፣ ቀድመህ ሂድና እይልኝ» አሉ፤ የሚሉትን አያውቁም ነበር።

«እኔ ልይልህ?» አሉ አቶ አስረስ። «በል ና፣ አብረን እንይ።»

ቀረቡ። የራስጌዋ ድንጋይ ቆሟል። እሬቷ ቆሟል። የግርጌዋ ድንጋይም በቦታው ነው። ጉድጓዱ የተቆፈረው ከእሷ ጎን ነው፤ በእሷና በጉድጓዱ መካከል የቀረው አፈር አንድ ክንድ አይሞላም። ውስጡ ባዶ ነው፤ ቀይ አፈር፣ ከሥር ነጣ ያለ ጭቃ፣ አንድ የሠራተኛ ጓንት።

ሰሚሃ አለቀሰች፤ ከደስታ ነው። «አልነኳትም፣ አባዬ። አልነኳትም!» አለች።

አያ ሐሰን ግን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አልተነቃነቁም። ያ ቦታ ከሐምሌ ጀምሮ በየአርቡ ድንጋዩን እየለቀሙ፣ አረሙን እየነቀሉ ያጸዱት የራሳቸው ቦታ ነው። ለሰሚሃ አንድ ቀን አሳይተዋታል፤ «እዚህ ነው የምታደርጉኝ» ብለዋታል። አሁን ለእሳቸው ተብሎ የተቆፈረ ያህል አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ለቅጽበት ያህል የሞቱ፣ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሊቀብር የወጣ መሰላቸው። ኑርዬ ቆመዋል፣ አስረስ ቆሟል፣ ልጃቸው ታለቅሳለች። የጎደለ ነገር አልነበረም።

ዝናው ቀረበ። «ድንጋይ የሌለበትን መርጣችሁ ቆፍሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ይኸኛው ጥርት ያለ ነበር።»

«ያጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ አያ ሐሰን።

ልጁ የግርጌውን ድንጋይ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። «አባባ፣ ያን ቀን የተቀመጥኩበት…»

«እሱ ነው። ከእግሯ በኩል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ተነሥ ለምን አላሉኝም?»

አያ ሐሰን የልጁን ፊት አዩት። «ለቅሶ የደረስከኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ዝናው የለበሰውን ጃኬት አወለቀና መሬት ላይ ጣለው፤ ለምን እንዳወለቀው ራሱም አያውቅም።

ወይዘሮ ጸዳለ በእግራቸው ወጥተው፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ደረሱ። ጉድጓዱን አዩ። አማተቡ። ከዚያ መዝገባቸውን ከፈቱ፤ ሥራቸው ነውና። «ስሙኝ» አሉ። «ስሕተቱ ዛሬውኑ ይታረማል። የሚያርመው ግን ቃሉን የሰጠው ሰው ነው። አያ ሐሰን ያሉትን ይሰርዙና ቦታው ምን እንደሆነ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ። መጦሪያው ወደ ታች ይገፋል።»

«እሰይ!» አለ ሰው ሁሉ።

«አልጨረስኩም። ከላይም ከታችም መኖሪያ ቤት ይሠራል። በፕላን ክልል ውስጥ፣ በቤት መካከል ያለ መቃብር ተብሎ ከተመዘገበ ይታጠራል፣ ይከበራል፣ ማንም አይነካውም። አዲስ ቀብር ግን አይገባበትም። ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ይዘጋል። ለቅሬው ከአስፋልቱ ማዶ ሌላ ቦታ ይሰጠዋል።»



«እኔ አባቴም እናቴም እዚህ ናቸው» አለ አንድ ሰው። «እኔ ለብቻዬ አስፋልት ማዶ ምን ላደርግ ነው?»

«እንግዲያው ዕቅዱ ራሱ ይቅር!» አለ ሌላው። «ቤቱም ይቅር፣ መጦሪያውም ይቅር! እንደነበርን እንሁን!»

«ይቅር! ይቅር!» የሚለው ድምፅ በረከተ። ሕዝቡ ከተቃወመ ማኅበሩ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ተነግሯል። ኑርዬ እጃቸውን አነሡ።

«ቃሉ የሐሰን ነው» አሉ። «እዚህ ቦታ ለይቶ ያጸዳም እሱ ነው። ከእኛ ሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነውና እሱ ይበል። ያለውን ቅሬው ይቀበላል።»

ሁሉም ወደ አያ ሐሰን ዞሩ። እሳቸው ግን ያዩት አቶ አስረስን ነው። አቶ አስረስ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረዋል።

«ለእኔ ብለህ እንዳታደርገው፣ ሐሰን» አሉ ሳይዞሩ። «እኔ እንደለመድኩት እኖራለሁ። ሰው ምግብ ያመጣልኛል።»

«ሁልጊዜ?»



አያ ሐሰን ከዘራቸውን አፈሩ ላይ ተከሉ። ሰባት ወር የታፈነው ቃል እንደ ዓሣ እሾህ ነበር የወጣው፤ የቆመው ሰው ሁሉ አየው።

«ቀብር ነው» አሉ። «ማረፊያ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ቀብር ነው፤ ሚስቴ ኡሙሰልማ እዚህ ተቀብራለች። ጻፊው እቴ። ይዘጋ።»

«አባዬ!» አለች ሰሚሃ። «የአንተስ?»

«የእኔማ ተቆፈረች፣ ተመረመረች፣ ታየች። በሁለት ሜትር ተኩል ምንም አልተገኘባትም።» ሊስቁ ሞከሩ፤ ግማሹ ሳቅ ሆነ። «አንድ ጊዜ አፋፏ ላይ ቆሜአለሁ፤ እንደ ገባሁ ቁጠሩልኝ።»

ወይዘሮ ጸዳለ ጽፈው መዝገቡን ዘረጉላቸው። አያ ሐሰን መጻፍ ይችላሉ፤ ዓሣ አጥማጅ ሳሉ በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል ሙሉ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙበት። «ሐ» ፊደሏ ወደ ጎን ተዛብታለች፤ መዝገቡ ላይ አሁንም እንደዚያው ናት።

ቆፋሪዎቹ የተዉትን አካፋ በመጀመሪያ ያነሣው ዝናው ነበር። ሌላው ተከተለው። አቶ አስረስ ሰው አካፋ ሲሰጣቸው እምቢ ብለው ተንበረከኩና አፈሩን በእጃቸው እየገፉ ወደ ጉድጓዱ መለሱ። «ሞላ?» ይላሉ በየመሐሉ። «አልሞላም፣ ግፋ» ይሏቸዋል አያ ሐሰን። «አሁንስ ሞላ?» «ግፋ ብዬሃለሁ! ልብስ ነው እንዴ የምትሰፋው?»

ዕቅዱ በመጋቢት ታርሞ ጸደቀ፤ መጦሪያው ሰማንያ ሜትር ወደ ታች ተገፋ። ላይኛው በግንቦት በድንጋይ አጥር ታጠረ፤ በሩ ላይም ቀብር መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ተተከለበት። አያ ሐሰን ቅዳሜ ሰኔ 21 ቀን፣ ለአምስት ቀን ታመው አረፉ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን አዲሱን መቃብር ቅሬው የከፈተው በእሳቸው ነው።